ጋሼ ታደለ ሳያነብ የፈረመው ወረቀት

ጋሼ ታደለ ጠቅልሎ ሚኒሶታ መግባቱን የሰማሁት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ስንፈልግ ነው። ሦስተኛ ዙራችን ነበር። እናቴ አንገቷን አስግጋ ባዶ ቦታ እየፈለገች፣ «ጋሼ ታደለ እኮ ሄዱ። ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ለማንም አልተናገሩም» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «ያ ነጩ መኪና ሊወጣ ነው መሰለኝ፤ እስቲ እዪልኝ» አለች። እኔ ግን ነጩን መኪና ማየት አልቻልኩም።

ለማንም አለመናገሩ አልገረመኝም። ቢናገር ኖሮ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ አውጥተው ይጸልዩለታል፣ ኬክ ይቆርሱለታል፣ ፎቶ ያነሱታል። ጋሼ ታደለ ደግሞ ካሜራ ሲያይ ፖሊስ ያስቆመው ሰው ነው የሚመስለው።

ሶ፣ እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። የተወለድኩት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው፤ አማርኛ መጻፍ ከቻልኩ ገና አንድ ዓመቴ ነው። ፊደሉን የያዝኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰጠው ትምህርት ነው። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምርልኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ተነሥቼ ክፍሌ ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ይህን ደስታዬን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ጋሼ ታደለ የኤርፖርት አውቶብስ ሹፌር ነበር። ኤርፖርቱ አጠገብ ኢንግልዉድ የሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ ያመላልሳል። ሹፌሮቹ ከመነሣታቸው በፊት አውቶብሱን ዙሪያውን ዞረው ጎማውን፣ መብራቱንና በሩን ማየት አለባቸው። እሱ ይህን ልማድ ከሥራ ወደ ቤት ይዞት መጥቶ ነበር። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ይዞራል። ማይክራፎን ከመያዙ በፊት ገመዱን እስከ ሶኬቱ ድረስ በዓይኑ ይከተላል። አንድ ጊዜ የልደት ኬኬን ዞረው። እናቴ «ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» ስትለው፣ «ሻማው መጋረጃውን ሊበላው ነው» አላት። እውነትም መጋረጃው ጫፉ ጠቁሮ ነበር።

ቀስት የጀመረው ካረጀ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲንኳኳና አውሮፕላን ሲያጓራ እሰማለሁ። ድምፅ የሌለው ጨዋታ ፈለግኩ» አለኝ። የሚይዘው ቀስት እንደ ድሮው እንጨትና ጅማት አይደለም። ኮምፓውንድ የሚሉት ነው፤ ላይና ታቹ ላይ መዘውር አለው። ስትስቢው መጀመሪያ ይከብድና መጨረሻ ላይ ድንገት ይቀልሻል። ከያለበት ለልጅ የሚሆኑ አሮጌ ቀስቶች ለቃቅሞ ጠገናቸው፤ ከዚያ በወር ሁለት ቅዳሜ ጠዋት እኛን ዘጠኙን የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች ፓርክ ይዞን ይሄድ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን እኔ ስስብ ክንዴ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ «ይቺ ልጅ ቁርስ አልሰጧትም እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ። ስጣደፍ ደግሞ «ቸኩለሽ የለቀቅሽውን ሮጠሽ አትይዢውም» ይለኛል። ይህን በየቅዳሜው ሳይሰለች ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው በጋ ነው። የወጣቶች ኮሚቴው ለአንድ ቀን ተራራ ሊወስደን አሰበ። እዚያ በጫካው መንገድ ዳር የፕላስቲክ አጋዘንና አሳማ ያቆማሉ፤ እየሄድሽ፣ እየወጣሽ፣ እየወረድሽ ትወረውሪያለሽ። ችግሩ ፍላጻ አያያዙ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰረው ኮሮጆ ትንንሾቹን ልጆች እግራቸውን ይመታቸዋል። የጓደኛዬ የሜሮን አባት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንድም ዮናስ የምንለው፣ ይህን ሲሰማ «እኔ ቀስቱ ላይ የሚታሰር እሠራላችኋለሁ» አለ። ወንድም ዮናስ ብረት ቆራጭ ነበር። ማሽን ሁለት ጣቱን ከወሰደበት ወዲህ ሥራ የለውም፤ ሜሮን እንደምትለው ከቤትም አይወጣም ነበር። ኮሮጆው ከአደጋው በኋላ በእጁ የሠራው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ደግሞ ያምር ነበር! ቀስቱ መሃል ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ከላይ የፍላጻዎቹን ሹል ጫፍ የሚሸፍን፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ቆብ አለው። ከታች አምስት ፍላጻ ነክሰው የሚይዙ የላስቲክ ቀዳዳዎች አሉት። ኮሚቴው ዘጠኙም ከመሠራታቸው በፊት ጋሼ ታደለ ይህን የመጀመሪያውን አይቶ በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ ጠየቀ። እሱ ደግሞ መጻፍ አይወድም። «እኔ አያለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ» አለኝ። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት አዲስ ደብተር ገዛሁ።

ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ኮሮጆውን አሰረው። በእርግጥ መጀመሪያ ዞረው። ከኮሮጆው ጋር አሥር፣ ያለ ኮሮጆው አሥር ወረወረ። እኔን ዓይኔን አስጨፍኖ ከኋላው አቆመኝና፣ «ምን ሰማሽ?» አለኝ።

«ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ የመሰለ ነገር።»

«ጻፊ። ብሎን ቢጠብቅ ይተዋል።» ክብደቱ ቀስቱን ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋድለዋል፤ እሱንም «ይለመዳል» አለ። ገልብጦ ነቀነቀው፤ አንድም ፍላጻ አልወጣም። እኔ «ዬስ!» ብዬ ዘለልኩ።

«ቆይ» አለ። «ልጆቹ ጠዋት ብቻ ነው እንዴ የሚሄዱት?» ቀስቱን ወስዶ መኪናው ውስጥ አስገባው፤ መስኮቱን ዘጋግቶ ፀሐይ ላይ ተወው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ሳንድዊች በላን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መኪናውን ሲከፍተው ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ቀስቱን አንሥቶ በመዳፉ ጎኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። አንድ ፍላጻ ዝም ብሎ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። መልሶ ሰካው፤ መታ አደረገው፤ ሌላው ወደቀ። ላስቲኩ ሙቀት ሲያገኘው ይላላል።

«ተራራው ላይ በመስመር ነው የምትወጡት» አለ ፍላጻውን ከመሬት እያነሣ። «የፊተኛው ልጅ ይጥላል፤ አያውቅም። የኋለኛው ይሰናከልና ሹሉ ላይ ይወድቃል። ጻፊ፦ ሲሞቅ ይጥላል። ልጅ አይያዘው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ማታ ክፍሌ ገብቼ ልጽፍ ስቀመጥ ወንድም ዮናስ በዓይኔ መጣ። ሜሮን መጣችብኝ። «ይጥላል» የሚለው ቃል ስድብ መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች ፊት የሚነበብ የመጀመሪያ ጽሑፌም ነበር፤ እንዲያምር ፈለግኩ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ለተከበራችሁ የወጣቶች ኮሚቴ አባላት፤ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ወንድማችን ዮናስ በትዕግሥትና በጥበብ የሠራውን ይህን ግሩም ኮሮጆ ስንመለከት ልባችን በደስታ ተሞልቷል።» ቀጠልኩ፣ ቀጠልኩ። ቆቡን አመሰገንኩ፤ ስፖንጁን አመሰገንኩ። «እግዚአብሔር የእጁን ሥራ ይባርክ» አልኩ። ከዚያ መጨረሻው ላይ፦ «ምናልባት በሙቀት ጊዜ መያዣው ጥቂት የመላላት ጠባይ ሊያሳይ ስለሚችል ቢታሰብበት መልካም ነው።»

ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ አልዋሸሁም አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ጋሼ ታደለን ከሥራ በፊት አገኘሁት። መነጽሩን ረስቷል። «ላንብብልህ?» አልኩት።

«አንቺ ጽፈሽው የለም እንዴ? አምጪው።» መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ከአምልኮ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እንዴት እንደሚያነብ! ቃሎቼ በእሱ አፍ የሌላ ሰው መሰሉኝ፤ ከኩራቴ የተነሣ ጆሮዬ ጋለ። «እግዚአብሔር የእጁን ሥራ ይባርክ» ሲል ክፍሉ በሙሉ «አሜን!» አለ። አጨበጨቡ። ሰብሳቢውም ያለቀ መስሎት ወረቀቱን አጠፈው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች እጥፋቱ ውስጥ ሲገቡ በዓይኔ አየሁ።

ወንድም ዮናስ ሦስት ጣት በቀረው እጁ ዓይኑን ጠረገ። ተነሺና ተናገሪ አልኩ ለራሴ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። ጋሼ ታደለ የበጋ መንገደኛ ስለበዛ እሑድም ይሠራ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። የቅዳሜው ልምምድም በዚሁ ተሰረዘ። ለእሱ ኮሮጆው የተተወ ነው የሚመስለው። ሜሮን በየቀኑ ፎቶ ትልክልኛለች። «ሦስተኛው አለቀ!» «ስድስተኛው!» አባቷ እየሳቀ ኮሮጆ ይዞ ቆሟል። ልብ የምትመስል ኢሞጂ እልክላትና ስልኬን ትራስ ሥር እደብቀዋለሁ። ከዚያ አውጥቼ የተራራውን የአየር ሁኔታ አያለሁ። የምንሄድበት ቅዳሜ ሙቀት በፋራናይት ዘጠና አራት ነበር፤ ወደ ዘጠና ስድስት ወጣ፤ ከዚያ ወደ ዘጠና ስምንት። ከሁሉም ትንሹ ልጅ ናታን ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሄደው፤ ሁልጊዜ ደግሞ ይሮጣል። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሲሮጥ ይታየኛል።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ለእናቴ ላይብረሪ ነኝ ብዬ በከተማ አውቶብስ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ፓርኪንግ ድረስ ሄድኩ። ሦስት አውቶብስ አሳልፌ በአራተኛው ጋሼ ታደለ መጣ። ገባሁና ልክ ከኋላው ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አየኝ።

«ሻንጣሽስ?»

«የለኝም።»

«ወዴት ልትበሪ ነው ታዲያ?»

«ጋሼ፣ ኮሮጆዎቹ ተሠሩ። ዘጠኙም።»

በሩን ዘጋና አውቶብሱን አስነሣ። አንድ ቤተሰብ ከስድስት ሻንጣ ጋር ገብቷል፤ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ በአማርኛ፣ መራራ መድኃኒት በማንኪያ እንደሚውጥ ሰው፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረግኩ ነገርኩት። ደብዳቤውን እንዴት እንደጻፍኩት። አሜኑን። ወረቀቱ መታጠፉን። በየመሃሉ እሱ በእንግሊዝኛ «ተርሚናል ዋን» ይላል፤ ሰው ይወርዳል፤ እኔ እቀጥላለሁ። «ተርሚናል ቱ።» እቀጥላለሁ። ከጀርባው አንገቱን ብቻ ነው የማየው። ቢጮህብኝ ብዬ ተመኘሁ።

ዙሩ አልቆ፣ አውቶብሱ ባዶ ሆኖ ፓርኪንጉ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ።

«ፈርሜያለሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ሳላነብ።»

«መነጽርህን ረስተህ ነው እኮ።»

«መነጽር አይደለም።» ወደ እኔ ዞረ። «ኬክ ሳይቀር የምዞር ሰውዬ ያንቺን ወረቀት አልዞርኩትም። የማምነውን ሰው መዞር ነውር መስሎኝ።» መሐረብ አውጥቶ ሰጠኝ። «ጨርሺና ተነሺ፤ ሌላ መንገደኛ መጥቷል። ነገ ዮናስ ጋ እንሄዳለን።»

«ለሰብሳቢው ደውለን ብንነግረውስ?»

«መጀመሪያ ለሠሪው። ሰው የሥራውን ጉድለት ከአዳራሽ አይሰማም።»

ዓርብ እኩለ ቀን ሄድን። ወንድም ዮናስ የሚኖረው ከፌርፋክስ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጋራዡ ውስጥ ዘጠኙ ኮሮጆዎች ከዘጠኙ ቀስቶች ጋር ታስረው በተርታ ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የልጁ ስም ተለጥፏል። የእኔም ነበር። «እንዴት ነው ጋሼ ታደለ?» አለ ወንድም ዮናስ ፊቱ እያበራ። «ደብዳቤዎን ሚስቴ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች እኮ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ታደለ አንዱን አወረደና፣ «ዮናስ፣ ይህን መኪናህ ውስጥ አስገባልኝ። መስኮት ዝጋ። አንድ ሰዓት እንቀመጥ» አለ። ወንድም ዮናስ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ፤ ግን አስገባው። ሜሮን ሐብሐብ ቆርጣ አመጣች። ማንም አልበላም። «ምን ሆናችኋል?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። የሐብሐቡ ውኃ ሳህኑ ላይ ሲጠራቀም እያየሁ ያን ሰዓት ጨረስኩት።

ቀስቱን ወንድም ዮናስ ራሱ አወጣው። ጋሼ ታደለ «ምታው» አለው። በመዳፉ መታው። አንዱ ፍላጻ ወጥቶ ከጫማው አጠገብ ወደቀ። ደግሞ መታው፤ ሁለት ወደቁ።

«ግሩም ነው ብለው ፈርመው የለም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ሁሉ ፊት አስነብበው! ምነው ጋሼ?»

«ፊርማው የኔ ነው» አለ ጋሼ ታደለ።

«ጽሑፉ ግን የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። «እሱ ይጥላል፣ ልጅ አይያዘው ነው ያለኝ። እኔ ነኝ ያሳመርኩት።»

ሜሮን አየችኝ። ያቺን አስተያየት ብጽፋት ደስ ባለኝ፣ ግን አልችልም። ወንድም ዮናስ የወደቁትን ፍላጻዎች አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን፣ «ሂዱልኝ» አለ።

ሄድን። መኪና ውስጥ፣ «ነገ ኮሮጆዎቹን ይዞ ቢመጣስ?» አልኩ።

«ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው» አለኝ ጋሼ ታደለ። ሌሊቱን ሙሉ ይህ መልስ በቂ መሆኑንና አለመሆኑን ስመዝን አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ወደ ተራራው በሚወስደን ቫን አጠገብ ቆመናል። ጋሼ ታደለ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፤ በእጁ ትልቅ ነጭ ባልዲ ይዟል። ወንድም ዮናስ ቀስቶቹን ጭኖ መጣ። ኮሮጆዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ከኪሱ ካቻቪቴ አወጣ፤ ለማንም ሰላም ሳይል መሬት ላይ ተንበረከከና በዚያ ሦስት ጣት በቀረው እጁ ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። ዘጠኝ ቀስት፣ ዐሥራ ስምንት ብሎን። ላግዝህ አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ናታን «የኔን ለምን ትወስደዋለህ?» ብሎ ሲያለቅስ፣ «ገና አልበሰለም፣ የኔ ልጅ» አለው። ሰብሳቢው ግራ ገብቶት ሲጠይቅ ጋሼ ታደለ ወደ እኔ አመለከተ። በሕይወቴ አጭሯን ንግግር ያደረግኩት ያኔ ነው፤ ሲሞቅ ይጥላል፣ ልጅ አይያዘው። ማንም አላጨበጨበም።

ፍላጻዎቹን በሙሉ ጋሼ ታደለ በባልዲው ተሸክሞ ተራራ ወጣ። ጉልበቱን እንደሚያመው ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ «ጋሼ፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው?» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም «አንተን አጥምጄ ልጥበስህ?» ይላቸዋል። በየአጋዘኑ ፊት ቆሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ፍላጻ ያድላል፤ ሲጨርሱ ይሰበስባል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ናታን አራት ጊዜ ወደቀ። አራቱንም ጊዜ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ፤ እኔ ነኝ በአራቱም የቀዘቀዝኩት።

ሜሮን ለሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ጋሼ ታደለ ስለ ደብዳቤው ዳግመኛ አላነሣብኝም። ከዚያ እንዳልኩት ሄደ።

እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ወንድም ዮናስ ከአምልኮ በኋላ ደጅ ላይ አስቆመኝ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። አዲስ ኮሮጆ፣ አዲስ ዓይነት ላስቲክ። «ጋሼ ታደለ የሉም» አለኝ። «አንቺ እዪው።»

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ቀስቴ ላይ አስሬ የእናቴ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ወንድም ዮናስም መጣ፤ ታች ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ወርጄ ቀስቱን አወጣሁና ጀርባዬን ሰጥቼው መታሁት። ከዚያ «መጣሁ» ብዬው ቤት ገባሁና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሳትሰናበተኝ ሄድክ።»

«ይኸው እያወራሽኝ አይደል እንዴ? ምን ሆንሽ፣ ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።»

«ወንድም ዮናስ ሌላ ሠራ። አሞቅኩት።»

«ስንት?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ያዘ?»

«አራቱን ያዘ። በጣም ጥሩ አድርጎ ነው የያዘው፣ ጋሼ፤ ከባለፈው ጋር እኮ አይወዳደርም፣ ላስቲኩም...»

«አምስተኛውስ?»

በስልኩ ውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል፤ የልጅ ልጁ ናት።

«ጣለው» አልኩ።

«እና ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ዮናስ የት ነው?»

«ታች ቆሟል።»

«ሂጃ!» ብሎ ዘጋብኝ።

ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩ፤ አንድ መስመር ጻፍኩበትና ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆሜያለሁ። ወንድም ዮናስ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። መልሶ አነበበ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

«የትኛው ቀዳዳ ነው?» አለኝ።

«ከታች ሁለተኛው» አልኩት።